ዘመድህን ለታርጌት አታውል

የእህቴ ልጅ፤ ከወልቂጤ የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። «እቴቴ፣ የዚህን ወር ታርጌት ካልሞላሁ ከታች ነኝ» ትላለህ። የባንኩ ማናጀራችሁ በየማታው ቴሌግራም ላይ ሠንጠረዥ እንደሚለጥፍ፣ ዲፖዚት ያመጣው በአረንጓዴ ያላመጣው በቀይ እንደሚጻፍ እናትህ ነግራኛለች። እኔ ከቡታጅራ መርካቶ በርበሬ ሳመላልስ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ባንክ ቤትን የማውቀው ከመስኮቱ ወዲህ ቆሜ ነው፤ ፊደልም የቆጠርኩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መሸጥን ግን አውቃለሁ፤ ሲሸጡልኝም አውቃለሁ። በስልክ ስንነጋገር ስለምታቋርጠኝ በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ።

መጀመሪያ ይህ ጭንቀት የማን እንደሆነ ለይ። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ብር ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ አዘዘ፤ ለነባሮቹ የቆረጠላቸው ቀነ ገደብ ሰኔ 2018 ነው። በዚያው በ2013 ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣና ገንዘብ ያለ ባንክ መስኮት ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ጀመረ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በምክር ቤት ጸደቀ። ባንኩ በቁጥር ከ30 በላይ ሆኗል፤ ወልቂጤ ላይ ከአንዱ ሕንፃ ወርደህ ወደ ቀጣዩ ስትሄድ የምታነበው ታፔላ የባንክ ነው። ሁሉም የሚሻሙት ያንኑ የጣቢያውን ነጋዴ፣ ያንኑ የገጠሩን ገበሬ ነው።

እንግዲህ ቦርዱ ፕሬዚዳንቱን ይጫናል፣ ፕሬዚዳንቱ ዲስትሪክቱን፣ ዲስትሪክቱ ማናጀሩን፣ ማናጀሩ አንተን። ከአንተ በታች ማንም የለም። ከታችህ ሰው ሲጠፋ ወደ እናትህ ትገፋዋለህ። እኔን ያስጻፈኝ ይሄ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እናትህ የዕቁብ ገንዘቧን ለአንተ ሠንጠረዥ ስትል ባንክ አስገብታ፣ ለቡሄ የልጆቹን ልብስ በዱቤ መግዛቷን ሰማሁ።

ሁለተኛውን ነገር ስነግርህ ደስ አይልህም። ባንኩ የቀጠረህ ለውጤትህ ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። አጎቶችህ መርካቶ ናቸው፤ አክስትህ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ የአባትህ ወገን ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ «አካባቢውን ታውቀዋለህ?» ብለው ሲጠይቁህ ዘመድህን እየቆጠሩ ነበር። በዚህ አልቀየማቸውም። እኔም ጫኝ ስቀጥር የማን ልጅ እንደሆነ እጠይቅ ነበር።

ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ተመልከት። አዲስ የተቀጠረ ልጅ በመጀመሪያው ወር እናቱን ያመጣል፤ በሁለተኛው አጎቱን፤ በሦስተኛው የአባቱን ጓደኞች። ስሙ በአረንጓዴ ከላይ ይወጣል፤ «ጀግናችን» ይባላል፤ ኬክ ይቆረስለታል። በአራተኛው ወር ዘመድ ያልቃል። ታርጌቱ ግን ባመጣው ልክ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። አጎትየው ዕቃ ሊያወርድ ገንዘቡን ሲፈልግ «እባክህ ወሩ እስኪያልቅ አትንካው» ብሎ ይለምነዋል። አንድ ጊዜ ይታገሱታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ይታገሱታል፤ ከዚያ ሲደውል ስልክ አያነሱም። ሥራውንም አላወቀም፣ ዘመዱንም አጣ። በቢሮው በኩል ደግሞ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በየካቲት ጀግና ያሉት ሰዎች በግንቦት «ሰነፍ» ይሉታል። ይህን በአንድ ልጅ ላይ ብቻ አላየሁም፤ ቡታጅራ ላይ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ፣ በተዘዋወሩ ቁጥርም ያንኑ አክስታቸውን ይዘው ሲዞሩ አይቻለሁ።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ትለኝ ይሆናል። እኔም እለዋለሁ። ነገር ግን ያገራችን ሰው በንግድ የታወቀው ለዘመዱ በመሸጥ አይደለም። መርካቶን ጣልያን በወረራው ጊዜ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ካቋቋመው ወዲህ፣ ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከሶዶ፣ ከመስቃን እየተነሣ የገባው ልጅ እንዴት ነበር የሚጀምረው? የሚያድረው ዘመዱ ቤት ነው፤ ራቱንም እዚያው ይበላል። ሲነጋ ግን የሊስትሮ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ ወይም ሱቅ በደረቴውን አንጠልጥሎ፣ ወይም ሎተሪውን ይዞ የሚወጣው የማያውቀው ሰው ዘንድ ነው። ዘመዱ ጫማውን ቢያስጠርገው ሳንቲም አይቀበለውም፤ ቢቀበለውም ዘመዱ ነውርን እንጂ ሙያን አያስተምረውም። ሰው ፊት መቆምን፣ «አልፈልግም» ሲባል ፈገግ ብሎ ማለፍን፣ የትኛው ሰው ነገ እንደሚመለስ በዓይን ለይቶ ማወቅን የተማረው ከባዕድ ነው። ቋንቋውን እንኳ በመንገድ ነው የለቀመው።

ታዲያ ዘመዱ ለምን ጠቀመው? ሙያ ሲገባው፣ አመሉ ሲታወቅ፣ ያን ጊዜ ዘመዶቹ ዕቁብ ውስጥ ያስገቡታል። ዋስ ይሆኑታል። ሱቅ ሊከፍት ሲደርስ የመጀመሪያውን ዕጣ ይለቁለታል። ዘመድ ማደሪያ ነው፣ ዋስ ነው፣ መነሻ ነው። ደንበኛ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። አንተ የያዝኸው ግልብጡን ነው፤ የአጎትህን ዋስትና ልትበላው በሚገባህ ዓመት ሳይሆን ገና ሥራ በጀመርክበት ወር ልትጨርሰው ነው።

ዘመድን ገንዘብ መጠየቅ በራሱ ነውር አይደለም፤ ይህንንም ልጨምር። በ1950ዎቹ ነጋዴው ከመርካቶ ኪሱ እያዋጣ ወደ አገሩ መንገድ ሲያስቀድድ ልመናው በየዕድሩ፣ በየዕቁቡ፣ በየሰርጉ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እየተባለ ተዋጣ። ጠያቂው ግን ለራሱ ስም ብሎ አልጠየቀም፤ የከፈለውም ሰው የከፈለበትን መንገድ በዓይኑ አየ፣ በመኪናም ሄደበት። አንተ እናትህን ስትጠይቃት ለእሷ የሚተርፋትን ነገር ካሳየሃት ጠይቃት። ካላሳየሃት እጅህን ሰብስብ።

እንግዲህ «ባዕዱን ከየት ላምጣው?» ነው ጥያቄህ። የአንተ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማረህም፤ እኔ ላስተምርህ።

ገንዘብ ወቅት አለው። በእኛ በኩል የማረቆ በርበሬ ደርቆ ለገበያ የሚወጣው ጥቅምትን ተሻግሮ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ገበሬው እጅ ላይ ጥሬ ብር አለ። ያን ጊዜ ሌባም ያውቀዋል፤ ባንክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢሮው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አንተ ወደ ገበያው ውረድ። ስትወርድ ደግሞ ክራባትህን ፍታው፤ ገበሬ ክራባት ያየ እንደሆነ ግብር ሰብሳቢ ይመስለዋል። ከደጋው የባሕር ዛፍ አጠና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ገንዘብ የሚገባው መኪናው በወጣ ማግስት ነው። ጫት ነጋዴው በየቀኑ ይቀበላል፤ በየቀኑም ይከፍላል፤ እሱ የሚፈልገው ቁጠባ ሳይሆን ሌሊት የሚሠራ ስልክ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ ማንንም «አስቀምጥ» አትበል። ለመስቀል ሰው በሬ ይገዛል፣ ቅቤ ይገዛል፤ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበው ለዚያ ነው። ሴቶቹ ውጆ እያሉ ቅቤውን እንኳ በተራ የሚያጠራቅሙት ለዚያ ነው። ለእስላሞቹ ወገኖቻችን አረፋ እንደዚሁ ነው። በመስቀል ዋዜማ ዲፖዚት የሚጠይቅ ልጅ አገሩን አያውቅም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አያውቅም። መስቀል አልፎ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ከመመለሱ በፊት ለእናቱ የሚተውላት ገንዘብ አለ፤ እሱን በየወሩ በስልክ እንዴት እንደሚልክላት አሳየው። ከእሱ ምንም ዲፖዚት ላታገኝ ትችላለህ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ስምህን ያውቃል።

ከዚያ ደግሞ አድምጥ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል፤ ስለምትሸጠው ነገር እወቅና ስለዚያ ብቻ ተናገር። ባለፈው አንድ ልጅ ሱቄ ደጅ መጥቶ ስለ ባንካቸው ሕንፃ ፎቅ ብዛት ሲያወራልኝ ሻዬ ቀዘቀዘ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ ላለ ሰው ገንዘብ ባስተላልፍ በዚያው ቀን ይደርሰዋል ወይ የሚለውን ነበር። አልጠየቀኝም። ዝም አይነቅዝም፤ ደንበኛውን አንድ ነገር ጠይቀህ ዝም በልና ጠብቅ። የሚፈልገውን ራሱ ይነግርሃል።

ሰው የሚጠይቅህን ከባድ ጥያቄም ሳትሸሽ መልስ። ነጋዴው «በቁጠባ ወለድ ገንዘቤ ያድጋል ወይ?» ካለህ አትዋሽ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሄደባቸው ወራት ነበሩ። በርበሬ የገዛና ያስቀመጠ፣ ብር ካስቀመጠው ተሽሎ አደረ። ይህን ሂሳብ መርካቶ ያለ ተሸካሚ እንኳ ያውቀዋል፤ አንተ ያላወቅህ መስለህ ስትቀርብ ይስቅብሃል። «ለማደጉ ዋስትና አልሰጥህም፤ እንዳይሰረቅ፣ በአንድ ደቂቃ ሐዋሳ እንዲደርስ፣ ነገ ብድር ስትጠይቅ የምታሳየው መዝገብ እንዲኖርህ ግን ይጠቅምሃል» በለው። «ባንኩ ቢከስርስ?» ካለህ ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ መቋቋሙን፣ ሽፋኑ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር መሆኑን ንገረው፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን ራሱ እንዲያስብበት ተወው። ወለድ የማይቀበል ሰው ሲገጥምህ አትከራከረው። እኛ ቡታጅራ ላይ ከወለድ ነፃ የሚል ነገር ከመምጣቱ በፊት ገንዘቡን ቤቱ የሚያስቀምጥ ሀብታም ስንት ነበር! ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሲጀምር ሌሎቹም መስኮታቸውን አሰፉ። የእናንተ ቤት ያ መስኮት ካለው ሥርዓቱን በደንብ ተማርና አስረዳ፤ ከሌለው «የለንም» በልና ወደሚገኝበት ቤት አመልክተው። ያ ሰው ወንድሙን ይልክልሃል።

አሁን ክልክሉን ልንገርህ። እዚህ ላይ አልለሳለስም።

በርበሬ ላይ ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ኩንታሉ ያን ዕለት ከበድ ብሎ ይመዝናል፤ በሳምንቱ ውስጡ ይሻግታል፤ ገዢውም ያን ነጋዴ ዳግመኛ አያየውም። የወር መጨረሻ ዲፖዚት የምትሉት ነገር ለእኔ ይኸው ነው። የበጀት ዓመታችሁ በሰኔ 23 ይዘጋል፤ ነጋዴ ለምኖ ሰኔ 22 አስገብቶ ሰኔ 24 የሚያስወጣ ልጅ ሠንጠረዡን ሞላ እንጂ ባንኩ እጅ ላይ ምንም አልተወም። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ታርጌቱ ከዚያ ከእርጥቡ ክብደት ላይ ተነሥቶ ይሰላበታል። ተለምኖ ያስገባለት ነጋዴም ውለታ አለበት ብሎ ይይዘዋል፤ ነገ ተራ ሳይጠብቅ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ፊርማ እንዲያገለግለው ይፈልጋል።

በብድር ስም አትሽጥ። «እዚህ አስቀምጥና በሦስት ወር ብድር አስፈቅድልሃለሁ» የሚለው ቃል ከሁሉ ቀላል ሽያጭ ነው፤ ብድር የሚፈቅደው ግን አንተ አይደለህም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ ቃል የተገባላቸው ነጋዴዎች በር ላይ ቀሩ። ገደቡን ያወጣው ሌላ፣ የተሰደበው ግን ቃሉን የሰጠው ልጅ ሆነ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም፤ በቀብር ትገናኛለህ፣ በሰርግ ትገናኛለህ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ትቀመጣለህ።

ሳይጠይቁህ አካውንት አትክፈት። ዩኒቨርሲቲው ደጅ ቆመህ የተማሪ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሰብስበህ፣ ልጆቹ ሳያውቁት የሞባይል ባንኪንግ ተጠቃሚ አድርገህ ብታስቆጥር ማታ ስምህ ይለመልማል። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም። ያ ፎርም ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው፤ ከዓመት በኋላ አንዱ አካውንት ለማጭበርበሪያ ቢውል የሚጠራው ያንተ ስም ነው። ማናጀርህ «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» ብሎህ ከሆነ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ኦዲተር ሲመጣ እሱም የራሱን ነፍስ ያወጣል።

የሰው ገንዘብ በእጅህ ተቀብለህ «ወደ ቢሮ ስገባ አስገባልሃለሁ» አትበል። የታወቀ ሽማግሌ ቢሆን፣ የአባትህ ጓደኛ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን አትበል። የራስህን ደመወዝም እያዟዟርክ ታርጌት አትሙላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ማናጀርህን ግን አትጥላው፤ እሱም የሚቀላበት ሠንጠረዥ ሌላ ቦታ አለው። ቁጥር ሲጠይቅህ ቁጥር ብቻ አትስጠው። ደብተር ያዝ፤ ዛሬ ማንን አየህ፣ ምን ፈለገ፣ መቼ ተመለስ አለህ፣ እሱን ጻፍ። ስብሰባ ላይ «ያላመጣሁት ይህን ያህል ነው፤ የያዝኳቸው ሰዎች ግን እነዚህ ናቸው፤ አጠና ነጋዴው ማክሰኞ ቀጥሮኛል» ብለህ ስትናገር ብልህ አለቃ ይተውሃል። ብልህ ካልሆነ ይጮህብሃል፤ ጩኸት ደግሞ ያልፋል። እኔ ላይ የጮኹብኝ ደላሎች ብዛታቸው!

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የሥራ ውልህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ያልኩህ ለዚህ ነበር። እኔ ዘግይቼ ፊደል ስለቆጠርኩ ማንኛውንም ወረቀት ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ እናንተ የተማራችሁት ግን ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ ካለፍክ «ገና ሙከራ ላይ ነህ፣ ዛሬውኑ እናባርርሃለን» የሚለው ማስፈራሪያ ቁም ነገር የለውም። በሳምንት 48 ሰዓት ነው መደበኛው፤ ሳይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍትም አለህ። ስለዚህ እሑድ ሙሉ ቀን አካውንት ክፈቱ እየተባለ የሚዞርበት ነገር በልማድ እንጂ በሕግ አልመጣም። ከደመወዝህ ላይ እንዲሁ በዘፈቀደ አይቆረጥም፤ በጽሑፍ ብትስማማ እንኳ ተቆራጩ ከወር ደመወዝህ ከሲሶው አይበልጥም።

አዲስ አበባ አፓርታማ በኮሚሽን ለሚሸጠው ለአጎትህ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር አስተላልፍልኝ። ያው አዋጅ ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ከሥራ ሲወጣ ካሳውም ስንብቱም የሚሰላው በቋሚ ደመወዙ ነው። እሱ ያለው ቋሚ ደመወዝ የትራንስፖርቱን ያህል ነው፤ የቀረው ሁሉ «ገዢው ሁለተኛውን ክፍያ ሲከፍል» የሚል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኮሚሽኑ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ገዢው ቢያፈርስ የወሰደውን ይመልስ እንደሆነ፣ ከወጣ በኋላ ቤቱ ቢሸጥ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንበት።

በዚሁ ላይ አንድ ሌላ ሰው እንዳያታልልህ። ታርጌት ያቃተውን ልጅ በጠረኑ ለይተው የሚያገኙት ሰዎች አሉ። ሱፍ ለብሶ፣ ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ «ሁለት ሰው ብቻ አምጣ፤ እነሱም ሁለት ያመጣሉ፤ አንተ ተኝተህ ትበላለህ» የሚል ይመጣል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሰው በማምጣት የሚከፈልበትን ይህን ዓይነት የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሎታል። እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው ዘመድህ ነው፤ ልዩነቱ ባንኩ የእናትህን ገንዘብ በጠየቀች ጊዜ ይመልስላታል።

ስለ መልቀቅ ጠይቀኸኛል። «ወረቀት አስገብቼ ልውጣ» ብለሃል። በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ በንዴት ቀን አትውጣ። ይህ ሥራ መጥፎ አይደለም፤ በሃያ ሦስት ዓመትህ ወልቂጤ ላይ የማን ንግድ በምን እንደሚተዳደር፣ ማን በወቅቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይህ ሌላ መሥሪያ ቤት አላውቅም። ለዚህ ትምህርት እኔ ዕድሜዬን ከፍያለሁ፤ አንተ ደመወዝ እየተከፈለህ ትማረዋለህ። ሁለት ዓመት ሥራው። የሐሰት ፎርም እንድትፈርም ካዘዙህ ግን ሁለት ቀንም አታመንታ፤ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያህን በጽሑፍ ስጥ፣ የእጅህን ዕቃ ሁሉ በርክክብ አስፈርም፣ የሥራ ልምድህን ወረቀት ተቀበል። የደንበኞችን ሂሳብና ስልክ ከባንኩ ኮምፒውተር ገልብጠህ አትውጣ፤ ያ የባንኩም የሰዎቹም ነው። የሚያውቁህ ሰዎች ካሉ ሳትገለብጣቸው ያገኙሃል።

ምሳህን ደግሞ ብላ። እናትህ «ከስቷል» ብላኛለች።

ለመስቀል ስትመጣ ቦርሳህ ውስጥ የአካውንት መክፈቻ ፎርም እንዳላገኝ። አጎቶችህ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እናታቸውን ሊያዩና ክትፎ ሊበሉ ነው። ትልቁ አጎትህ ያው እንደምታውቀው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስለ ሥራህ መጠየቁ አይቀርም። ሲጠይቅህ የምታውቀውን ሁሉ፣ ክፉውንም ደጉንም ንገረው፤ ቁጥር አትጥራለት። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠይቀው። ገንዘቡን የሚያመጣ ከሆነ በጥቅምት ራሱ ይደውልልሃል፤ ካልደወለም አጎትህ ነው። ስትመለስ ለማናጀርህ ትንሽ ቅቤ አስይዝሃለሁ፤ «አክስቴ የላከችው ነው» በለውና የበርበሬ ደንበኛ ከፈለገ ቁጥሬን ስጠው።